የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ



እኔ የቂሊንጦ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ጤፍና ሽምብራ ያመርትበት የነበረው መሬት ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል፤ እርሱም በጥበቃ ሥራ ይተዳደራል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የአባቴን ሥራ ቢጠይቀኝ፣ ገበሬ እንደ ነበረ መናገር አፍሬ ዝም አልሁ። በኋላ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን ታሪክ ሳነብ በዝምታዬ ተጸጸትሁ። ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. የእርሻ አገር በሆነው በሸዋ፣ በሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ገና ታዳጊ ሳሉ ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከዚያም ወደ መስኮብ አገር ተሻግረው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ደረሱ። ጅጅጋንና ጨርጨርንም ገዙ። በጨርጨር ሳሉ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ። ቀጥሎም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እርሳቸው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር፣ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ።

ከወረራው በኋላ በስደት በማዳጋስካር ኖሩ። ታዲያ ይህን ሁሉ ማዕረግ ያዩ ሰው ከስደት ሲመለሱ ምን ሠሩ? በሐረርጌ፣ በሒርና፣ የእርሻን ሥራ ይዘው ተቀመጡ እንጂ አፈር መንካትን አልናቁም። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።

ይህን ጽሑፍ ለአባቴ አነበብሁለት። ስለ ሹመቱና ስለ ጄኔቭ በዝምታ ሰማኝ። ሒርና ላይ ስደርስ ግን ቀና ብሎ፣ መሬቱ ምን እንደሚያበቅል ጠየቀኝ። ቡና፣ ማሽላና በቆሎ መሆኑን ብነግረው ፊቱ በራ፤ ስለ እርሻም እስኪመሽ አጫወተኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ሹመት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መሬትም ከእጅ ይወጣል። ሥራን ማክበር ግን ከሰው ጋር ይኖራል። ከእንግዲህ የአባቴን ሥራ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ገበሬ እንደ ነበረ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ።