አቡነ ማስያስ፦ ከበሽታው የቀደሙ አባት

በአገራችን አቡነ ማስያስ በመባል የሚታወቁት ካርዲናል ጉልዬልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1809 በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ አውራጃ ተወለዱ። ወደ ካፑቺን ማኅበር ገብተው ክህነትን ከተቀበሉ በኋላ በቶሪኖ ሆስፒታል የበሽተኞች ነፍስ አባት ሆነው አገለገሉ፤ የሕክምናን ነገር የቀሰሙትም በዚያ ነው። በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላም በ1852 ጉዱሩ ደረሱ።

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ በየጊዜው እየተነሣ ሕፃናትን ይፈጅ፣ የተረፉትንም ፊታቸውን ያበላሽ፣ የብዙዎችንም ዓይን ያጠፋ ነበር። አንዴ ከያዘ ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረውም። ስለዚህ አቡነ ማስያስ በሽታው ሳይደርስ ጤነኞቹን መከተብ ጀመሩ። በዘመኑ አሠራር፣ ከተከተበ ሰው ክንድ ላይ ውሃ ከቋጠረው እብጠት ጥቂት ፈሳሽ ተወስዶ በሌላው በተጫረ ክንድ ላይ ይደረግ ነበር። አንዲት እናት ምንም ያላመመው ልጇን ለባዕድ ሰው አቅርባ ክንዱን ማስጫሯ ታላቅ መተማመንን ይጠይቃል። ሕዝቡ ግን አመናቸው፤ የፈንጣጣ አባት የሚል ስምም አወጣላቸው።

በ1868 ሸዋ ሲገቡ ንጉሥ ምኒልክ በደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው በልቼ ተቀብለው አማካሪያቸው አደረጓቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል በሸዋ ከቆዩ በኋላ፣ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ አገሩን ለቀው ወጡ። በ1884 የካርዲናልነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በ1889ም ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 ላቅ ያለ ክርስቲያናዊ ምግባራቸውን በይፋ አጸደቁ።

ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ በ1980 ታውጇል። የአባታችን ምሳሌ ግን ሥራውን አልጨረሰም። ዛሬም በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ ለድምፅ ፊቱን የማይመልስ፣ በዓመት ተመንፈቁ የማይራመድ ወይም አንዲት ቃል የማይወጣው ሕፃን በየቤቱ ይገኛል። ሲያድግ ይተወዋል እያልን እንጠብቃለን፤ አልፎ ተርፎም እንደ ኀፍረት ቆጥረን በጓዳ እንሸሽገዋለን። የሕፃን አእምሮ እጅግ ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና፣ በዚያን ጊዜ የሚደረግ እርዳታ ዘግይቶ ከሚመጣው ይልቅ ይጠቅማል።

ስለዚህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ለጥምቀት ዝግጅት ወደየቤቱ ስትገቡ የሕፃኑን ስም ብቻ መዝግባችሁ አትውጡ። መስማቱን፣ ማየቱን፣ መቀመጡን እናቱን በትሕትና ጠይቁ። የሚያሳስብ ነገር ካለም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ምሯት፤ ብቻዋንም እንዳትሆን አብራችኋት ሂዱ። አቡነ ማስያስን በእውነት የምንዘክራቸው እንዲህ ቀድመን ስንደርስ ነው።