የፈርዲናንድ ፖርሼ የሕይወት ታሪክ

በወለጋ መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ የመኪና እግር ምን ያህል እንደሚደክም ያውቃል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ከጊምቢም ወደ ደምቢ ዶሎ ሲኬድ የጉድጓዱን ምት መጀመሪያ የሚቀበለው ጎማ ነው፤ ምቱን አለዝቦ ለተሳፋሪው የሚያቀልለት ግን ከሥር ያለው ባሌስትራ፣ ሞላና አሞርዛተር ነው። እነዚህ ሲያረጁ መኪናው ይወዛወዛል፤ ፍሬን ሲያዝም ፊቱ ወደ ታች ይደፋል። በየጋራዡ ከመኪና ሥር ተኝተው አሮጌውን ፈትተው አዲሱን የሚያስሩ መካኒኮች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ስለ ሥራው ስናወራ ግን ሥራውን ያሰበውን ሰው እንረሳለን። ስለዚህ አባቶቻችን ቮልስ እያሉ የሚጠሯትን ትንሽ መኪና የነደፈውን የፈርዲናንድ ፖርሼን ሕይወት በአጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ ወደድሁ። የአውሮፓው ታሪክ ዘመን ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፖርሼ በ1875 ዓ.ም. ማፈርስዶርፍ በምትባል የቦሄሚያ መንደር ተወለደ። አገሩ በዚያ ጊዜ በኦስትሪያና በሀንጋሪ መንግሥት ሥር ነበር፤ ዛሬ ግን የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል ነው። አባቱ የቆርቆሮ ሥራ ባለሙያ ነበርና ልጁ መዶሻውን እንዲወርስ ይፈልግ ነበር። ልጁ ቀን በአባቱ ሥራ ቤት እየዋለ ማታ የቴክኒክ ትምህርት ይከታተል ጀመር፤ ልቡን የማረከው ግን ኤሌክትሪክ ነበር። በ18 ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አልነበረም፤ ነገር ግን ጊዜ ባገኘ ቁጥር ወደ ትምህርት አዳራሹ እየገባ ያዳምጥ ነበር። ያን ጊዜ ተመዝጋቢ ያልነበረው ወጣት በ1917 ዓ.ም. ከዚያው ከቪየና የቴክኒክ ትምህርት ቤት የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

ስሙ የታወቀው ገና በ25 ዓመቱ ነው። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ኤግዚቢሽን የቀረበችው የሎነር መኪና የኤሌክትሪክ ሞተሮቿ በጎማዎቿ እምብርት ውስጥ ነበሩ፤ ይህም የፖርሼ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ በኦስትሪያ ዳይምለር፣ ቀጥሎም ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርመን አገር ስቱትጋርት በሚገኘው ዳይምለር ሠራ። በ1931 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የራሱን የንድፍ ቢሮ አቋቋመ። ቢሮውን ሲያቋቁም ገንዘብ አውጥቶ ከጐኑ ከቆሙት አንዱ አዶልፍ ሮዘንበርገር የሚባል አይሁዳዊ የመኪና ሽቅድምድም ነጂ ነበረ።

በዚያው ዓመት ቢሮው የፈጠራ መብት የጠየቀበት አሠራር ለጽሑፌ ዋና ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው መኪና የሚያርፈው በባሌስትራ ላይ ነበር። ባሌስትራ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ቦታም ይይዛል። ፖርሼና ረዳቶቹ በእርሱ ፈንታ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ አደረጉ። የዘንጉ አንድ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ጸንቶ ይታሰራል፤ ሁለተኛው ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ይያያዛል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ክንዱ ይነሣል፤ ዘንጉም ሊጨመቅ እንደ ተያዘ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል። ጉብታው ሲያልፍ ብረቱ ተፈትቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ስለሚነሣና ስለሚወርድ አንዱ ጉድጓድ ቢገባ ሌላውን አይጎትተውም። አሠራሩ ቀላል፣ ርካሽና ለመጥፎ መንገድ የሚስማማ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና እንዲነድፍ ውል ተሰጠው። መኪናዋን የፈለገው አዶልፍ ሂትለር ነበር፤ ዋጋዋም 990 ማርክ እንዲሆን ተወሰነ። ሠራተኛው በየሳምንቱ 5 ማርክ እያስቀመጠ እንዲገዛት ተነገረው። ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎች ገንዘባቸውን አስቀመጡ፤ ነገር ግን በዚያ መንግሥት ዘመን ከእነርሱ አንዱ እንኳ መኪናውን አልተረከበም። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ለወታደር የሚሆን መኪናና የጦር ዕቃ መሥራት ያዘ።

የፖርሼ ሕይወት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በ1935 ዓ.ም. ሮዘንበርገር አይሁዳዊ በመሆኑ ድርሻውን በትንሽ ገንዘብ ለቅቆ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም ተይዞ በማጎሪያ ሰፈር ታሰረ፤ በኋላ ተፈትቶ ተሰደደ። ፖርሼ ግን በ1937 ዓ.ም. የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ ከፋብሪካው አለቆች አንዱ ነበር፤ በዚያ ፋብሪካም ከተያዙ አገሮች የመጡ ሰዎች፣ ምርኮኞችና የማጎሪያ ሰፈር እስረኞች፣ በጠቅላላው 20,000 ያህል ሰዎች በግዳጅ ሠርተዋል። አንዳንድ ሰዎች እርሱ ስለ ፖለቲካ የማይጨነቅ መሐንዲስ ብቻ ነበር ይላሉ። ይሁን እንጂ ሌላው ሰው በግዳጅ ሲሠራ እያየ በንድፉ ላይ ብቻ ያጐነበሰ አለቃ ከኃላፊነት ነጻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1945 ዓ.ም. መጨረሻ ፈረንሳዮች ያዙት፤ ፍርድ ሳይሰጠው ሃያ ወር ያህል ታስሮ በ1947 ዓ.ም. ተለቀቀ። ፋብሪካውን በዚህ መካከል እንደገና ያስነሡት የእንግሊዝ ጦር መኰንኖች ነበሩ። ፖርሼ በጃንዋሪ 30 ቀን 1951 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ ሞተ።

መኪናዋ ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። በሜክሲኮ የመጨረሻዋ በ2003 ዓ.ም. እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ወደ አገራችንም ገብታ የብዙ ቤተ ሰብ መኪና ሆናለች። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህችው ቮልስዋገን ነበር። ለተራ ሰው የታሰበች መኪና ንጉሠ ነገሥትን ከዙፋን ስትሸኝ ማየት ለዚያ ትውልድ ትልቅ ነገር ነበር።

ዛሬ በጎዳናችን ባጃጅና ሚኒባስ በዝተው ቮልስ እምብዛም አትታይም። የቀሩትንም የሚያኖራቸው ጥገና ነው። ዘንጉ ራሱ ቶሎ አያልቅም፤ የሚያልቀው አሞርዛተሩ፣ ጎሚኒውና የመጋጠሚያው ብረት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ አሞርዛተሩን በግራም በቀኝም አንድ ላይ ይለውጣል፤ የፊቱን እግር በየጊዜው ግራሶ ያጠጣል፤ በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥርም አይገባም። የኋላውን ክንድ ሲፈታ ደግሞ ይጠነቀቃል፤ የተጠመዘዘ ዘንግ በድንገት ሲለቀቅ ሰው ይጎዳልና።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፣ መካኒክ ወይም ሐኪም የሚሆኑ አሉ። የቆርቆሮ ሠሪው ልጅ ማታ ማታ ተምሮ ከደረሰበት ትጋት እንማር፤ ትጋቱ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እጃችን የሚሠራውን ነገር ማን እንደሚያዝዘውና በማን ጫንቃ እንደሚሠራ መጠየቅንም አብረን እንማር። ፖርሼ የመንገድን ምት ለማለዘብ ብዙ ደከመ፤ በፋብሪካው ውስጥ በሰው ላይ ይወርድ የነበረው ምት ግን በእርሱ ዘመን የሚያለዝበው አላገኘም።