ዳግማዊ ምኒልክና የባላጋራን ሐሳብ የማስላት ብልሃት

ከታላላቅ ሰዎች ሕይወት ትምህርት እንደሚገኝ መምህሮቻችን ዘወትር ይነግሩናል። እኔም በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ የተነሣሁት ዐድዋን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አይደለም። ምክንያቴ ሌላ ነው። በኮሌጅ ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሰጥ አንድ ትምህርት አለ፤ ስሙም የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ስሙ ጨዋታ ይሁን እንጂ የሚመረምረው ቁም ነገር ነው። ይኸውም የአንዱ ሰው ጥቅም ወይም ጉዳት በሌላው ሰው ውሳኔ ላይ ሲመሠረት፣ እያንዳንዱ ምን ቢያደርግ እንደሚሻለው ያስተምራል። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንሽተርን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ ትምህርቱ መሠረት ያዘ።

ነገሩ ግን ገበጣ ለሚጫወት ሰው እንግዳ አይደለም። የራሱን ጉድጓድ ብቻ እያየ ጠጠር የሚዘራ ተጫዋች ይሸነፋል። ከማንሣቱ በፊት ባላጋራው በምላሹ የትኛውን እንደሚያነሣ የሚያስብ ግን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ያ መጽሐፍ ከመታተሙ 31 ዓመት አስቀድሞ ነው። ነገር ግን ሕይወታቸውን ብንከተል፣ ዛሬ በኮሌጅ የሚሰጠው ትምህርት በሥራ ላይ ውሎ እናገኘዋለን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ በአንጎለላ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ ገና የ11 ዓመት ብላቴና ነበሩ። በዚያው ጊዜ ሸዋን የያዙት ዐፄ ቴዎድሮስ ማርከው ወሰዷቸው። ምኒልክ መቅደላ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል በምርኮ ሲኖሩ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩላቸው።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ደረሱ። የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ እጅ በመያዣነት ስለ ነበር፣ እንግዳውን አሳልፎ መስጠትና ልጅን ማስመለስ የሚቻል ነገር ነበር። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ በቁጣ የተያዘውን ልጅ አስገደሉት። ከዚህ በኋላ ወርቂትን የሚያስፈራ ነገር አልቀረም፤ ምኒልክንም በሰላም ወደ ሸዋ ሸኟቸው። መያዣ የሚጠቅመው በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ዛቻም እንዲሁ ነው፤ የተፈጸመ ዕለት ኃይሉ ያልቃል። ወጣቱ ምኒልክ ይህን በራሳቸው ነፍስ ላይ ተማሩት።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከዐፄ ዮሐንስ ዘንድ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ሲገሠግሡ፣ ምኒልክ መዋጋት ወይም መገበር ነበረባቸው። ቢዋጉ ሁሉን ሊያጡ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ልቼ ላይ ገብረው የንጉሠ ነገሥትነቱን ማዕርግ ተዉ፤ የሸዋ ንጉሥነታቸው ግን ጸና። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውርደት ሊቆጥረው ይችላል። በኔ አስተያየት ግን ዛሬ ማሸነፍ የማይችል ሰው ለነገ የሚሆነውን ማትረፉ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ምኒልክ ጦራቸው ሙሉ ሆኖ ተገኙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ።

ከኢጣልያ ጋራ የተደረገው የውጫሌ ውል ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል በ17ኛው አንቀጽ ላይ ሁለት ልብ ነበረው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋራ ሲጻጻፉ በኢጣልያ በኩል ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲፈቅድ፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት። እስከዚያ ድረስ ግን ከልዩ ልዩ አገር መሣሪያ ይሰበስቡ ነበር። ፈረንሳዊው እንግሊዝን፣ መስኮቡ ኢጣልያን እንደሚጠራጠር ዐውቀው ለአንዱ ብቻ ሳይጠጉ ኖሩ።

ጦርነቱ ሲመጣ የምኒልክ ስሌት ከሁሉ ይልቅ የታየው በመቀሌ ነው። በ1888 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምክር የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውሃ ተያዘበት። በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው ጦር በጥም ተጨንቆ እጁን ሊሰጥ ደረሰ። ምኒልክ ሊፈጁት ሲችሉ መሣሪያውን እንደ ያዘ ወደ ወገኖቹ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ለብዙዎቹ መኳንንት ነገሩ ግራ ነበር። ነገር ግን ያ ጦር ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋራ ጎን ለጎን ሲጓዝ፣ ጄኔራል ባራቲዬሪ የራሱን ሰዎች ሳይጎዳ ሊተኩስ አልቻለም። ምኒልክም በዚህ ሽፋን ሠራዊታቸውን ወደ ዐድዋ አዞሩ።

በዐድዋ ሁለቱ ሠራዊት ተፋጠጡ። ባራቲዬሪ 17 ሺህ የሚያህል ጦር ይዞ በምሽጉ ተቀምጧል፤ ምኒልክ መቶ ሺህ የሚደርስ ሠራዊት አላቸው። ምሽግ ላይ የሚወጣ ሰው ብዙ እንደሚጎዳ ሁለቱም ያውቁ ነበርና ማንም ቀድሞ መነሣት አልፈለገ። ሁለቱም ወገን ስንቅ አልቆበት ነበር። እንግዲህ ጥያቄው የማን ትዕግሥት አስቀድሞ ያልቃል የሚል ሆነ። ባራቲዬሪን ረኃብ ብቻ ሳይሆን ከሮማ የሚመጣ ነቀፋም ይገፋው ነበር። በዚህ ላይ ባሻይ አውዓሎም ለኢጣልያኖች ሰላይ መስለው የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል ብለው እንዳሳመኑት ይተረካል። ባራቲዬሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲጠይቅ፣ እንዋጋ አሉ። የካቲት 22 ሌሊት ከምሽጉ ወጣ። ጦሩ በተራሮች መካከል ተለያየ፤ በማግሥቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ሆነ። ጀግንነት ባይኖር ይህ ድል አይገኝም ነበር። ጀግኖቹ ከምሽግ ጋራ ሳይሆን ሜዳ ላይ ከወጣ ጦር ጋራ እንዲገናኙ ያደረገው ግን ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ባሮ ልምጣ። በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ናደው የመሩት ዘመቻ በዚህ ቆላ ወርዶ እስከ ነጭ ዓባይ ደርሶ ተመልሶ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ የሱዳንን ድንበር ተዋዋሉ። በውሉ 4ኛ አንቀጽ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ርዝመቱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ኋላም ለጣቢያው የተመረጠው ጋምቤላ ሆነ። ምኒልክ መሬቱን አልሸጡም፤ ለጦር ሥራ እንዳይሆንና ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ብቻ እንዲቆይ ወሰኑ። ስለዚህ የደጋው ቡና በባሮ እየተጫነ ወደ ካርቱም ሲወርድ ኖሮ፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ፤ ጋምቤላም ተመለሰች።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ተጫዋች የለም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ምኒልክን ሳይጨምሩ ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። የምኒልክ ስልት በሦስቱ አለመስማማት ላይ የቆመ ነበርና፣ ሲስማሙ ኃይሉ ቀነሰ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ወራት ገደማ መታመም ጀመሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

የኮሌጁ ትምህርት አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ተጫዋቾቹ እነማን ናቸው የሚል ነው። በ1894ቱ ውል ላይ ይህን ብንጠይቅ፣ መልሱ ንጉሠ ነገሥቱና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ይሆናል። በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ዳር ይኖሩ የነበሩት አኙዋክና ኑዌር አልተጠየቁም። ለእነርሱ ወንዙ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ከብት የሚጠጣበትና በበጋ የሚሰፈርበት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ድንበር ተባለ። አንድ ሕዝብ በሁለት መንግሥት ተከፈለ።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ያንኑ መስመር ተሻግሮ የመጣ ሰው ከጥይት ዳነ። ኩሌም በዚያው ዓመት የስደተኞች መጠለያ ሆነች። ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችን ድንበሩን በእናቶቻችን እጅ ተይዘን ወይም በጀርባቸው ታዝለን የተሻገርን ነን። አያቶቻችን ሳይጠየቁ የተሰመረው መስመር ለልጅ ልጆቻቸው መጠጊያ ይሆናል ብሎ በ1894 ዓ.ም. ያሰላ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያንን ውል ለማመስገንም ለመውቀስም አንድ ቃል አይበቃኝም።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከምኒልክ ሕይወት መማር ያለብን ከመነሣት በፊት በሌላው ሰው ስፍራ ቆሞ ማሰብን፣ ጊዜው ካልደረሰም መታገሥን ነው። ይህን በፈተናም፣ በሥራም፣ በጎረቤት ጠብም ልንጠቀምበት እንችላለን። ነገር ግን ከመካከላችን ነገ ለሽምግልና ወይም ለመንግሥት ሥራ የሚቀመጥ ቢኖር፣ በፊቱ የተቀመጠውን ባላጋራ ብቻ አስልቶ እንዳይነሣ አደራ እላለሁ። የሚወሰነው ነገር ቤቱ ድረስ የሚሄድበትን፣ በዚያ ያልተጠራውን ሰውም ይቍጠር። እኛ በኩሌ ያለን ተማሪዎች ይህን ከሌላው ይልቅ ልናስታውሰው ይገባናል።