አበበ ቢቂላ፡ እግሮቹ ሲቆሙ ያልቆመው ሯጭ

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት ሮም ላይ በባዶ እግሩ የተቀዳጀውን ድል ነው። የሕይወቱ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን እምብዛም አይወሱም። በእነዚያ ዓመታት አበበ መራመድ አይችልም ነበር፤ ስፖርትን ግን አልተወም። የአካል እንቅስቃሴ ለሜዳሊያ ብቻ ሳይሆን ለመንፈስ ብርታትም እንደሚያስፈልግ ከድሎቹ ዘመን ይልቅ ያ የመከራ ዘመኑ ጎልቶ ያሳያል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ሰፊ ሜዳ እያካለለ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። ካደገ በኋላ በክቡር ዘበኛ ተቀጥሮ ወታደር ሆነ። ከሱሉልታ ኮረብቶች አዲስ አበባ ደርሶ መልስ መሮጥ የዘወትር ልማዱ ነበር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ይህን ጥንካሬውን ተመልክቶ በሥርዓት አሠለጠነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳናዎች ላይ ሮጠ። ውድድሩ የተጠናቀቀው በምሽት፣ በችቦ ብርሃን ነበር። ከኢትዮጵያ ተወስዶ በዚያ በቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ለኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ።

ከ4 ዓመት በኋላ፣ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ትርፍ አንጀቱ ታምሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። 6 ሳምንት ሳይሞላው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ተመልካቹን ይበልጥ ያስደነቀው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ሌሎቹ ሯጮች ገና በመንገድ ላይ ሳሉ እርሱ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን የማፍታታት እንቅስቃሴ ይሠራ ጀመር። በ1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ሲቲ ግን ጉዳት አጋጥሞት ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። አከርካሪው ክፉኛ ተጎዳ፤ እነዚያ ዓለምን ያስደነቁ እግሮችም ዳግመኛ ላይራመዱ ቀሩ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ ላይ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ ተስኖት ነበር፤ ወራት በፈጀ ሕክምና ግን የእጆቹ ኃይል ተመለሰ።

ያ ሆስፒታል የታወቀው ሕክምናንና ስፖርትን በማጣመሩ ነው። ቀድሞ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች አልጋ ላይ ይተኙ፣ በመኝታ ቁስልና በኢንፌክሽንም ይሞቱ ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ግን ሕሙማኑን ከአልጋቸው አንስቶ ቀስትና ኳስ አስጨበጣቸው። እንቅስቃሴው ክንዳቸውን ያጠነክራል፣ ሚዛናቸውን ያስጠብቃል፤ ከዚህም በላይ ተስፋቸውንና ለራሳቸው ያላቸውን ክብር ይመልሳል ብሎ ያምን ነበር። በ1940 ዓ.ም የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በ16 ተወዳዳሪዎች የጀመረው የቀስት ውድድር ኋላ አድጎ ፓራሊምፒክን ወለደ።

አበበም ይህንን መንገድ ተከተለ። በ1962 ዓ.ም በስቶክ ማንደቪል በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በክብር እንግድነት ቢጠራም ተመልካች ሆኖ መቀመጥን አልመረጠም፤ ተወዳድሮ በበረዶ ላይ ጋሪ እሽቅድምድም አሸነፈ። ድሉንም ጉዳቱንም የፈጣሪ ፈቃድ አድርጎ እንደተቀበለ ይነገርለታል።

በ1964 ዓ.ም የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ አሸናፊ፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር፣ ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ ጨበጠው። ቀኑ ጳጉሜን 5 ነበር፤ ከሮሙ ድል ልክ 12ኛ ዓመት።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ አረፈ፤ በአዲስ አበባ በዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም በብዙ ሺህ ሕዝብ ታጅቦ ተቀበረ።

ጉትማን በሕሙማኑ ላይ ያየውን የዛሬው ሕክምናም ያረጋግጣል። አዘውትሮ መንቀሳቀስ እንቅልፍን ያሻሽላል፣ ጭንቀትንና ድባቴን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ምክሩ አካል ጉዳተኞችንም ይጨምራል። ማሳ ላይ የሚውል ገበሬ በሥራው ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ ወንበር ላይ የሚውል የከተማ ነዋሪ ግን ጊዜ መድቦ መራመድ ይኖርበታል። ለዚህ ሜዳሊያም ውድ መሣሪያም አያስፈልግም። አበበ እግሮቹ በከዱት ጊዜ በቀሩት እጆቹ ጀመረ፤ ማንም ሰው ባለው አቅም መጀመር ይችላል።