የቋራው ካሳ፣ ሽጉጡና ሴባስቶፖል

መሣሪያ የሚያውቁ ሰዎች በተቀመጡበት ሁሉ፣ በገበያ ማግሥትም ሆነ በድግስ ቤት፣ የማይቀር ክርክር አለ። ራስን ለመጠበቅ የሚበጀው አፈሙዙ ሰፊ የሆነው ሽጉጥ ነው ወይስ ጠባቡ? አንዱ 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል ሲል፣ ሌላው ከ11 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ይንቃል። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያ ቁስሉ እስከ መጨረሻዋ ጥይቱ ድረስ የኖረበት ሰው ግን የቋራው ካሳ ኃይሉ ነው።

ከዱርቤቴ ተነሥቶ በቁንዝላ በኩል ወደ ገለጎ የሚዘልቀው መንገድ የሚያደርሰው ወደ እርሱ አገር ነው። ካሳ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሞቱ በኋላ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸገሩ፤ ጠላቶቹም የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሰደቡት። በገዳም ፊደል ቆጠረ፤ ኋላም ሸፈተ። በበረሃ ሳለ የሚያምነው ጦሩን፣ ጋሻውንና ፈረሱን ነበር።

እምነቱ የተናወጠው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ነው። ከሱዳን በኩል የመጡት የግብፅ ወታደሮች ምሽግ ይዘው በመድፍና በሥርዓት በሚተኮስ ጠመንጃ ጠበቁት። የካሳ ሰዎች እንደ ልማዳቸው እየፎከሩ ገቡ፤ ብዙዎቹም ከምሽጉ ሳይደርሱ ወደቁ። እርሱም ቆስሎ ተመለሰ። ሐኪሙ እርሳሱን ለማውጣት የሰባ ላምና ማር ቢጠይቅ፣ የሚስቱ አያት እቴጌ መነን አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ላኩለት ተብሎ ይተረካል። ሚስቱ ተዋበች ይህን ንቀት አልታገሠችም፤ ካሳም ዳግመኛ ሸፈተ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ግስጋሴ ፈጣን ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ገጠመ፤ ደጃዝማቹም በጥይት ተመትተው ወደቁ። አንዲት እርሳስ የአንድን ቀን ውጊያ ብቻ ሳይሆን የጎጃምን ዕጣ ለወጠች። በሰኔ ወር ደግሞ እዚያው ጎጃም፣ አይሻል ላይ፣ ራስ አሊን ድል ነሣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሽጉጥ ከመታጠቂያቸው አይለዩም ነበር። ከሽጉጦቻቸው መካከል የታወቀው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነው። ቆንስሉ ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ፣ ለእርሱ ስላደረጉት በጎነት ምስጋና ተቀርጾበት በተተኪው በካፒቴን ካሜሮን እጅ ደረሳቸው። ስጦታው ክብር ነበር፤ ቴዎድሮስ የፈለጉት ግን የመሣሪያ ባለሙያ ነው። ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፤ ጠቡ ከዚህ ተወለደ።

በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ ተገደዱ። የድካሙ ጫፍ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዙ መንገዱ በየተራራው መቆረጥ ነበረበት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። በዚህ መካከል ሠራዊታቸው በክዳት እየሳሳ ነበር። የደባርቂ ቁስል ስለ መድፍ ኃይል አስተማራቸው፤ መድፉን የሚጎትተው ሰው ግን ከመድፉ ይልቅ እየጠፋ ሄደ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን እየመራ ከፋላ ኮረብታ ቁልቁል ወረደ። የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ስናይደር የተባለውን ጠመንጃ ነበር። ክርክሩ የሚፈታውም እዚህ ላይ ነው። የስናይደር አፈሙዝ ስፋት 14.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እንግሊዞች ቀድሞ ይይዙት ከነበረው ከአፈሙዙ ከሚጎርሰው ኤንፊልድ ጋር እኩል ነበር። ልዩነቱ ስናይደር በስተኋላው መጉረሱ ነው። በኤንፊልድ በደቂቃ ሦስት ጊዜ የሚተኩስ ወታደር፣ በስናይደር ዐሥር ጊዜ ገደማ ይተኩሳል። የገብርዬ ሰዎች ባሩድና እርሳስ በየጊዜው ከአፈሙዙ እየጠቀጠቁ፣ በዚያ ላይ ነጎድጓድና ዝናብ እየወረደባቸው ተዋጉ። 700 ያህሉ አለቁ፤ ገብርዬም ወደቀ። ከእንግሊዞች የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ከኮረብታው ላይ ከተጠመዱት የቴዎድሮስ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ።

ይህ ክርክር ከእርሳቸው በኋላም አላረፈም። በ1904 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የሽጉጥ ጥይቶችን በቄራ ከብቶች ላይ ሞክሮ ሰፊውን 11.43 ሚሊ ሜትር መረጠ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ለከብቶቹ ግን የመረጣቸው አልነበረም።

ከፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከቪክቶሪያ የተላከው እንደሆነ ይነገራል። አሸናፊዎቹ መጻሕፍቱን፣ ዘውዱንና ታቦታቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው፣ ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ወረዱ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም መቅደላ ተራራ ላይ ነው።