የራሳቸው መጻሕፍት ሲቃጠሉ በሲኒማ ያዩት ሐኪም

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1933 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፓሪስ አንድ ሲኒማ ቤት የዜና ፊልም ይታያል። በበርሊን የኦፔራ አደባባይ ናዚ ተማሪዎች መጻሕፍት ወደ እሳት ይወረውራሉ። ከተመልካቾቹ መካከል መነጽር ያደረጉ፣ ጢማም አዛውንት ተቀምጠዋል። ከሚነዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ የእርሳቸው ናቸው።

ዶ/ር ማግነስ ሂርሽፌልድ የተወለዱት በ1868፣ ዛሬ የፖላንድ በሆነችው የባልቲክ ወደብ ኮልበርግ ነው። አባታቸው አይሁዳዊ ሐኪም ነበሩ፤ ልጅም የአባቱን ሙያ ተከተለ። ሕይወታቸውን የቀየረው አንድ ታካሚያቸው ነው። ወጣቱ የጦር መኮንን በሠርጉ ዋዜማ ራሱን ሲገድል፣ ለሐኪሙ ደብዳቤ ትቶ ነበር። ሴት ማግባት የማይችል፣ ወንድ የሚያፈቅር ሰው መሆኑን ለቤተሰቡ መናገር አቅቶት ነው የሞተው።

የጀርመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 175 በወንዶች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት በእስራት ይቀጣ ነበር። ከሕጉ ይበልጥ የተጠቀሙት ግን እናጋልጥሃለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ አስፈራሪዎች ነበሩ። ሂርሽፌልድ በ1897 በርሊን በሚገኘው ቤታቸው ከጥቂት ሰዎች ጋር ሳይንሳዊና ሰብዓዊ ኮሚቴ አቋቋሙ። አንቀጹ እንዲሰረዝ ለፓርላማ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ ከፈረሙት ውስጥ በኋላ አልበርት አንስታይንና ቶማስ ማን ይገኙበታል። ስለ ራሳቸው ግን ሂርሽፌልድ በአደባባይ አልተናገሩም፤ እርሳቸውም ወንድ አፍቃሪ ነበሩ።

ስህተትም ሠርተዋል። በ1907 የበርሊን ጦር አዛዥ የነበሩት ካውንት ሞልትከ ጋዜጠኛ ሃርደንን በስም ማጥፋት ሲከሱ፣ ዶክተሩ በባለሙያ ምስክርነት ቀርበው ካውንቱ ወንድ አፍቃሪ ናቸው አሉ። በሁለተኛው ችሎት ቃላቸውን አጠፉ። ሰው ከመጋለጥ እንዲድን የሚታገል ሐኪም ሌላውን ማጋለጡ ለዚህ ጸሐፊ አይዋጥለትም። ለኮሚቴው ገንዘብ ይሰጡ የነበሩትም ብዙዎቹ ሸሹ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዳግም አንሰራሩ። በ1919 በበርሊን የሥነ ወሲብ ሳይንስ ተቋማቸውን ከፈቱ። በዚያው ዓመት በሪቻርድ ኦስዋልድ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ከሌሎቹ የተለየ» የተሰኘ ፊልም ለእይታ በቃ። ኮንራድ ፋይት በአስፈራሪ የሚሰቃይ ቫዮሊን ተጫዋች ሆኖ ሲተውን፣ ዶክተሩ ራሳቸው ሐኪም ሆነው ቀርበዋል። ፊልሙ በ1920 ለሕዝብ እንዳይታይ ታገደ። በዚያው ዓመት ሂርሽፌልድ ሙኒክ ውስጥ ክፉኛ ተደብድበው ስለነበር ጋዜጦች ሞቱ ብለው ጻፉ። የሞታቸውን ዜና አልጋቸው ላይ ሆነው አነበቡት።

በ1929 የፓርላማው ኮሚቴ በ15 ለ13 ድምፅ አንቀጹ ይሰረዝ አለ። ደስታው ግን አጭር ነበር፤ ናዚዎች እየገነኑ ስለመጡ ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ሙሉ ጉባዔ ሳይቀርብ ቀረ። ሂርሽፌልድ በ1930 ለዓለም ጉዞ እንደወጡ አገራቸውን ዳግም አላዩም። በሜይ 6 ቀን 1933 ተቋማቸው ተዘረፈ፤ ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱ ነደዱ፤ ሐውልታቸውም በእንጨት ላይ ተሰክቶ በሰልፍ ታየ።

በሜይ 14 ቀን 1935፣ ልክ በ67ኛ ዓመት ልደታቸው፣ በፈረንሳይ ኒስ ከተማ አረፉ። በቀጣዩ ወር ናዚዎች አንቀጽ 175ን አጠበቁት። ከጀርመን ሕግ ጨርሶ የወጣው በ1994 ነው። በርሊንም በ2008 በመራሔ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤት አቅራቢያ የሚገኝ የሽፕሬ ወንዝ ዳርቻ በስማቸው ሰይማለች።