ዶክተር ፋርበር እና የታማሚው አፍ

የካንሰር መድኃኒት ሲነሳ ብዙዎቻችን የፀጉር መርገፍ ነው ትዝ የሚለን። አፍ እንደሚያቆስል የሚያውቀው የታመመና ያስታመመ ብቻ ነው። እኔም ያወቅሁት እዚህ ለቡ መብራት ኃይል አንዲት ጎረቤታችን ኬሞቴራፒ ሲጀምሩ ነው። በርበሬ ያለበት ወጥ ቀርቶ ለብ ያለ አጥሚት እንኳ መዋጥ አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ነው የዶክተር ሲድኒ ፋርበርን ታሪክ ያገላበጥኩት።

ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ከ14 ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ይገድቡ ስለነበር ትምህርቱን ጀርመን ጀምረው በ1927 ከሃርቫርድ ተመረቁ። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሥራቸው አስከሬን መመርመር ነበር። በዚያ ዘመን የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን መድኃኒት አልነበረውም። እሳቸው ግን ሕፃናቱን ከሞቱ በኋላ መመርመሩ አልበቃቸውም።

በ1947 የሕንድ ተወላጁ የላፕራጋዳ ሱባራው ቡድን የሠራውን አሚኖፕተሪን መስጠት ጀመሩ። መድኃኒቱ ሴሎች ለመባዛት የሚፈልጉትን የፎሊክ አሲድ ሥራ ያግዳል። በ1948 ባሳተሙት ጥናት ከ16 ሕፃናት 10ሩ፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ ተሽሏቸዋል። በዚያው ጽሑፍ መድኃኒቱ አፍ እንደሚያቆስልም አልደበቁም። የአፍ ውስጥ ስስ ሽፋን እንደ ካንሰሩ ፈጥኖ የሚባዛ በመሆኑ መድኃኒቱ እሱንም አይምረውም።

ፋርበር በ1973 እስኪሞቱ ድረስ ታማሚው ከነቤተሰቡና ከነኑሮው እንዲታከም ተሟግተዋል። የአሚኖፕተሪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜቶትሬክሴት ዛሬም ይሰጣል፤ ቁስሉም አብሮት አለ። ቁስሉ ታማሚውን ምግብ ይከለክላል፣ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል፣ አንዳንዴም ቀጣዩን ሕክምና ያዘገያል።

መከላከያው ሁሉ ውድ አይደለም። ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ፣ አልኮል የሌለበት መጉመጥመጫ ይረዳሉ። በየሱቁ ከምናያቸው መጉመጥመጫዎች ግን አልኮል ያለባቸው አሉ፤ የቆሰለ አፍ ያቃጥላሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መድኃኒትን ብቻ ሳይሆን የውበት መጠበቂያንም ይመለከታል። እንደ ሕግ ሰው የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ አፉ ለቆሰለ ታማሚ እንደማይሆን በአማርኛ፣ በጉልህ ይጻፍበት። የአገራችን መድኃኒት አምራቾችም አልኮል የሌለበትን በርካሽ ቢያቀርቡ ገዢ አያጡም።

ፋርበር ያዳኑበትንም ያቆሰሉበትንም ባንድ ወረቀት ጽፈዋል። እኛ ሁለተኛውን ለምን እንተወዋለን?